«ምን ቀየርክ?»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የከባድ ማሽነሪ ኤሌክትሪሻን ነኝ። በሙያው 27 ዓመት ቆይቻለሁ። ሥራዬ በአብዛኛው መሃል ከተማ ነው፤ ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ፣ ከለገሃር እስከ ፒያሳ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ጠዋት ከቡና ጋር አነባለሁ። ስለ ግንባታ መጓተት የሚወጣውን ሁሉ እከታተላለሁ። ሲሚንቶ ጠፋ ይባላል፣ ብረት ተወደደ ይባላል፣ መለዋወጫ የለም ይባላል። ሁሉም እውነት ነው። እኔ በየቀኑ የማየው ግን አንድ ሌላ ምክንያት አለ፦ ማሽን ሲቆም ብልሽቱን ሳይፈልጉ ዕቃ መቀየር። ማንም ሲጽፍበት አላየሁም። ስለዚህ ራሴ ልጻፍ አልኩ።

ባለፈው ክረምት ነው። ከዑራኤል ወደ ካዛንቺስ ሲኬድ ገባ ብሎ ለፎቅ መሠረት የሚቆፈር ቦታ ነበር። እስካቫተሩ ከቆመ 19 ቀን ሆኖታል። ጉድጓዱ ግማሽ ድረስ ውሃ ይዟል። የቀን ሠራተኞቹ ጠዋት ጠዋት እየመጡ «ዛሬም አልተነሳም?» ብለው ይመለሳሉ። አጥሩ ሥር ጀበና ቡና የምትሸጥ እናት አለች፤ መግቢያዋ ላይ አፈር ተከምሮባት ደንበኛ በሳንቃ እየተሻገረ ነበር የሚመጣላት። «ልጄ፣ ይቺን ብረት አስነሳልንና አፈሩን ታንሳልኝ» አለችኝ። ከማሽኑ ባለቤት በፊት ያነጋገረችኝ እሷ ናት።

ባለቤቱ ወጣት ነው። ማሽኑን በባንክ ብድር ገዝቶ በሰዓት ያከራያል። ማሽኑ በቆመ ቁጥር ኪራዩ ይቀራል፣ የባንኩ ወለድ ግን አይቀርም። ችግሩን እንዲህ ነገረኝ። ማሽኑ ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ስክሪኑ ላይ የግንኙነት ስህተት የሚል መልእክት ይመጣል። ከዚያ የሞተሩ ዙር ይወርዳል። የነዳጅ መስጫውን ቢጨምሩለትም አይሰማም፣ በዝቅተኛው ዙር ብቻ ይንደቀደቃል። የመጀመሪያው ባለሙያ መጣና ስካነር፣ ማለትም የማሽኑን ስህተት የሚያነብ መሣሪያ፣ ሰካ። ስካነሩ «የሞተሩ ኮምፒውተር አይገናኝም» አለ። «እንግዲህ ኮምፒውተሩ ሞቷል» ተባለ። ኮምፒውተሩ ከዱባይ ታዘዘ። ከ400 ሺህ ብር በላይ ወጣበት። መጣ፣ የዚያ ማሽን ፕሮግራም ተጫነበት፣ ተገጠመ። ማሽኑ ግማሽ ሰዓት ሠራና ያው ሆነ። ሁለተኛው ባለሙያ ደግሞ «ስክሪኑ ነው» አለ። ስክሪን ሊታዘዝ ሲል ነው አንድ ኦፕሬተር የእኔን ስም ያነሳለት።

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። እኔ ተግባረ ዕድ ስማር ማሽን ላይ ነገሩ ቀላል ነበር። አንድ ሽቦ አንድ ሥራ አለው። መብራት ከፈለግክ ወደ መብራት የሚሄድ ሽቦ፣ የዘይት ግፊት ከፈለግክ ወደ ጌጁ የሚሄድ ሽቦ። ሪሌይ፣ ፊውዝ፣ አምፖል። የበራ በራ፣ ያልበራ ተቃጥሏል። አሁን ማሽኑ ላይ ብዙ ኮምፒውተር አለ። ሞተሩ የራሱ አለው፣ የሃይድሮሊኩ የራሱ አለው፣ ስክሪኑም ኮምፒውተር ነው። እነዚህ ሁሉ የሚነጋገሩት በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። ካን ይባላል። የጀርመኑ ቦሽ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1983 ጀምሮ በ1986 ዲትሮይት ላይ ለሕዝብ ያቀረበው ነው። መጀመሪያ ለመኪና ተብሎ ተሠራ። ከባድ ተሽከርካሪና ማሽነሪ ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጄ 1939 በሚባለው ደንብ ይሠራል። በብዙ ማሽን ላይ አንዱ ሽቦ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ ነው። እንደ ገመድ እርስ በርሳቸው ተጠማዘው ነው የሚሄዱት። የተጠማዘዙት ለውበት አይደለም። ከአጠገባቸው ያለው ኤሌክትሪክ ሲረብሻቸው ሁለቱንም እኩል እንዲረብሻቸው ነው። ኮምፒውተሩ የሚያነበው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ እኩል የመጣ ረብሻ አያሳስተውም።

ሞተሩ «ዙሬ ይህን ያህል ነው» ይላል፣ ሃይድሮሊኩ «ጉልበት ጨምርልኝ» ይላል፣ ስክሪኑ ያዳምጣል። ሁሉም በእነዚያ ሁለት ሽቦዎች ላይ ነው። ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ቢላላ ወዲያና ወዲህ ያሉት መሰማማት ያቆማሉ። የማይሰማውን ኮምፒውተር ሌላው «የለም» ብሎ ይከሰዋል። ስካነሩ የሚያነበው ይህንን ክስ ነው። ዘመድ ጋ ደውለህ ስልኩ አልነሳም ቢል ለቅሶ ትቀመጣለህ? ኔትወርክ ጠፍቶ ይሆናል፣ ባትሪ አልቆበት ይሆናል ትላለህ። ማሽን ላይ ሲሆን ግን በአንድ ክስ ብቻ 400 ሺህ ብር እናወጣለን።

ወደ ዑራኤሉ ማሽን ልመለስ። እኔ ሳጥኔን ሳልከፍት መጀመሪያ የምጠይቀው ኦፕሬተሩን ነው። ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ላይ የሚውለው እሱ ነው። «መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?» አልኩት። «ጠዋት ደህና ነው ጋሼ። አፈር ሳወጣም ደህና ነው። ድንጋይ ላይ ስደርስና ማሽኑ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው የሚጠፋው» አለኝ። ይህንን ከዚያ በፊት ለማንም አልተናገረም። የጠየቀው የለማ! የሞተ ኮምፒውተር ጠዋት ጠዋት አይነሳም። ድንጋይ ሲነካ ብቻ የሚጠፋ ነገር የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው። ሽቦ ነው፣ ወይም ሶኬት ነው።

ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ አጠፋሁ። ካቢኑ ውስጥ ክብ ባለ 9 ቀዳዳ የስካነር ሶኬት አለ። ሲ እና ዲ የሚባሉት ቀዳዳዎች ላይ ነው ሁለቱ ሽቦዎች የሚወጡት። ቴስተሬን ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ላይ አድርጌ እዚያ ለካሁ። በመስመሩ ሁለት ጫፍ ላይ 120 ኦም የሆኑ ሬዚስተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በልክ የሚገቱ ትናንሽ ዕቃዎች፣ አሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲለኩ 60 ይሰጣሉ። 60 ካገኘህ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተያይዟል። 120 ካገኘህ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ተራ ቴስተር ነው፣ ጊዜውም ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

60 አለኝ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። 60 ሲያይ «ሽቦው ደህና ነው» ብሎ ሳጥኑን ይዘጋል። ማሽኑ ግን ያኔ ቆሟል፣ ቀዝቅዟል፣ አይንቀጠቀጥም። የታመመ ሰው ተኝቶ እያለ ብቻ ብትመረምረው ሲራመድ የሚያመውን እግር አታገኘውም። ስለዚህ ቴስተሩን እዚያው አሰርኩት። ረዳቴን «ከካቢኑ ወለል ጀምረህ የሽቦውን ጥቅል በእጅህ ያዝ፣ ስንዝር በስንዝር እያነቃነቅክ ሂድ» አልኩት። እኔ ዓይኔን ቁጥሩ ላይ ተከልኩ። 60። 60። 60። ሽቦው ከካቢን ወደ ሞተር ክፍል የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ሲደርስ 120። ተመልሶ 60። «ቁም! እጅህን እንዳታነሳ!» አልኩት። ባለቤቱ ጩኸቴን ሰምቶ ከውጭ ሮጦ መጣ።

ከፍተን ስናየው በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ እብጠት አለ። ፕላስተሩ ናፍጣ ጠጥቶ ልሟል። ስፈታው ቢጫውና አረንጓዴው ተቆርጠው በእጅ ተጠማዘው ተቀጥለዋል። አንድ ስንዝር ያህል ርዝመት ላይ ሁለቱ ተለያይተዋል፣ ጥምዝምዛቸው ጠፍቷል። መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ኦፕሬተሩ ያኔ ትዝ አለው። ከሁለት ዓመት በፊት ተጨማሪ የሌሊት መብራት ሲገጠም ቀዳዳው በድሪል ሰፋ ተደርጎ ነበር። ድሪሉ ሽቦውን ቆርጦታል። የቆረጠው ልጅ በፕላስተር አስሮ ዝም ብሏል። ሁለት ክረምት አልፎበት ነው የተበላሸው።

የተበላውን ቆርጬ አወጣሁ። ንጹሕ መዳብ እስከማገኝ ወደ ኋላ ሄድኩ። በልክ የሚጨመቅ መጋጠሚያ አደረግኩለት፣ በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክ አለበስኩት፣ ሽቦውን መልሼ ገመድኩት፣ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ጎማ አደረግኩ። ከዚያ ኦፕሬተሩን «ድንጋዩ ላይ ውጣና አንድ ሰዓት ምታ» አልኩት። ቆሜ አየሁ። ሞተሩ አልወረደም። ስመጣ ጀምሮ እስከዚያ ድረስ አምስት ሰዓት ግድም ፈጀ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሒሳቤን ስናገር ወጣቱ «ጋሼ፣ ምን ቀየርክ?» አለኝ። «ምንም አልቀየርኩም። ሁለት ሽቦ ቀጠልኩ» አልኩት። «ለሁለት ሽቦ ይሄ ሁሉ?» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። በመጨረሻም ከፍሎኛል። ቃሉ ግን አልወጣልኝም፣ ምክንያቱም የሁሉም ባለቤት ቃል ነው። ለኮምፒውተሩ 400 ሺህ ብር ሲከፍል አልተከራከረም። ካርቶን ውስጥ ሆኖ መጥቷላ፤ ይታያል፣ ይዳሰሳል። ችግሩን መፈለግ ግን አይታይም። ስለዚህ ዋጋ የለውም።

ይህ ነገር ሙያችንን እያበላሸው ነው። ፈልጎ ያገኘ «ምንም አልሠራህም» ይባላል፣ ሳይፈልግ የቀየረ ይከፈለዋል። ወጣት ባለሙያዎች ይህን አይተው ይማራሉ። አንድ በእኔ ሥር የነበረ ጎበዝ ልጅ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ አምስት ሰዓት ብፈልግ የአንድ ሰዓት ነው የሚከፍሉኝ። ሴንሰር ልቀይር ካልኳቸው ግን የዕቃውንም የእጄንም ይከፍላሉ።» ምን ልመልስለት? ልጁ አልዋሸም። እኔም የማሽን ባለቤቶችን የምለምነው ይህንኑ ነው። የመፈለጊያ ዋጋ ለብቻው ይኑር። ዕቃ ቢቀየርም ባይቀየርም የሚከፈል። ውሉ ላይ ይጻፍ። «ይህን ያህል ሰዓት ፈልግ፣ የለካኸውን ቁጥር ሁሉ ጽፈህ ስጠኝ» በሉን። ያኔ ያልለካ ሰው ይታወቃል።

ኮምፒውተር አይሞትም እያልኩ አይደለም። ይሞታል። እኔም በዘመኔ ብዙ ቀይሬያለሁ። ነገር ግን «ሞቷል» ከማለቴ በፊት ወደ እሱ የሚገባውን 24 ቮልትና ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን የኔጌቲቭ ሽቦ፣ እፈትሻለሁ። እሱንም በቴስተር ብቻ አይደለም። የዛገ ሽቦ አንዲት ክር ብትቀረው ቴስተሩ 24 ቮልት ብሎ ያታልልሃል። በዚያው ሽቦ የፊት መብራት አምፖል ለማብራት ስትሞክር ግን አምፖሉ ይደበዝዛል። እኔ ሳጥኔ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ባለ 24 ቮልት አምፖል አለ። ከስካነሩ የበለጠ ብዙ ኮምፒውተር ያዳነችልኝ እሷ ናት።

መንስኤዎቹንም ልናገር፣ ብዙዎቹ በእጃችን ናቸውና። አንዱ ብየዳ ነው። የባልዲ ጥርስ እዚያው ሳይት ላይ ይበየዳል። በያጁ ማሳውን ባገኘው ብረት ላይ ይሰካና ይጀምራል። የብየዳው ጉልበት መመለሻ ሲፈልግ በማሽኑ ሽቦና በኮምፒውተሩ በኩል ሊያልፍ ይችላል። ዋናውን ማጥፊያ ማጥፋት፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ መንቀል፣ የኮምፒውተሮቹን ሶኬት መንቀል፣ ማሳውን ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ማሰር። አሥር ደቂቃ ነው። ሁለተኛው እጥበት ነው። ማሽኑ ላቫጆ ይገባና በከፍተኛ ግፊት ውሃ ሶኬቱ ላይ ይለቀቅበታል። ሶኬቱ ላይ ያለችው ቀጭን ላስቲክ ዝናብ ትከለክላለች፣ ያንን ግፊት ግን አትችልም።

ሦስተኛው በቅርቡ የመጣ ነው። ጂፒኤስ። ባለቤቶች ማሽናቸው የት እንደዋለ፣ ስንት ነዳጅ እንደበላ በስልካቸው ማየት ይፈልጋሉ። መብታቸው ነው። ገጣሚው ግን ማሽኑን አያውቀውም። ለገሃር አካባቢ አንድ ሎደር ላይ ተጠርቼ ስለካ 40 ኦም አገኘሁ። 60 መሆን ሲገባው 40። ሂሳቡ ግልጽ ነው፤ ሦስት ባለ 120 ሬዚስተር ጎን ለጎን ከሆኑ 40 ይመጣል። ሦስተኛዋ ከየት መጣች? ከወንበሩ ሥር ጂፒኤሱ ውስጥ። ገጣሚው ቢጫውንና አረንጓዴውን ልጦ በላዩ ላይ ጠምዝዞ አስሯል፣ ሽቦውንም ከሁለት ሜትር በላይ ጎትቶታል። በደንቡ ከዋናው መስመር የሚወጣ ቅርንጫፍ አጭር መሆን አለበት። ሎደሩ በየቀኑ የተለየ የስህተት ኮድ ያወጣ ነበር። አንድ ቀን ማርሽ፣ አንድ ቀን ሞተር፣ አንድ ቀን ስክሪን። ሰዎቹ ማሽኑ ላይ መድኃኒት ተደርጎበታል እስከማለት ደርሰው ነበር። ጂፒኤሱን ስነቅለው ሁሉም ጠፋ። በኋላ አጭር አድርጌ፣ ትርፏን ሬዚስተር አስወጥቼ መልሼ ገጠምኩት። አሁንም ይሠራል።

ስለ ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶችም አንድ ቃል አለኝ። ወደ እኔ የሚመጡ ተለማማጆች ትጉዎች ናቸው። ሞተር ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ። የሽቦ ካርታ ስሰጣቸው ግን ይደነግጣሉ። አንዱ ገልብጦ ይዞት አይቻለሁ። አልፈረድኩበትም፣ ከዚያ በፊት አላየውማ። ካርታ ማንበብ ፊደል እንደ መቁጠር ነው፤ አንዴ ከገባህ አይጠፋህም። ለመለማመጃ ማሽን አያስፈልግም። አንድ ሳንቃ፣ ሁለት ሬዚስተር፣ ጥቂት ሜትር ሽቦ፣ አንድ ቴስተር። መምህሩ አንድ ቦታ ላይ ሽቦውን በድብቅ ይቁረጥ፣ ተማሪው ይፈልግ። እኔ በረንዳዬ ላይ እንዲህ ያለ ሳንቃ ሠርቻለሁ። እሑድ ከሰዓት ሦስት ልጆች ይመጣሉ። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት የፈጀባቸውን ብልሽት አሁን በአምስት ደቂቃ ያገኙታል።

ካርታውም ራሱ ይጠፋል። ያገለገለ ማሽን ሲገዛ መጽሐፉ አብሮ አይመጣም። ባለቤቱም አይጠይቅም፤ ቀለሙንና ጎማውን ወይ ሰንሰለቱን አይቶ ይከፍላል። እባካችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የሽቦ ካርታውን ጠይቁ። ካርታ የሌለው ማሽን ሲበላሽ እያንዳንዱን ሽቦ በእጃችን እየተከተልን ነው የምንፈልገው። ሁለት ሰዓት የነበረው ሁለት ቀን ይሆናል። ያ ሁለት ቀን ደግሞ የሚጎዳው የባለቤቱን ኪስ ብቻ አይደለም። ተራ የያዙት ገልባጮች ይቆማሉ፣ የቀን ሠራተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል፣ የሰፈር ሰው በተቆፈረ ጉድጓድ ዳር ልጆቹን እየጎተተ ያልፋል።

ይህን የምታነብ የማሽን ባለቤት ከሆንክ፣ ማሽንህም በግንኙነት ስህተት ቆሞ ከሆነ፣ ዕቃ ከማዘዝህ በፊት ይህን አድርግ። ዋናውን ማጥፊያ አጥፋ። ከስካነሩ ሶኬት ላይ ሁለቱን ሽቦዎች በቴስተር አስለካ፣ ቁጥሩን ጻፈው። ሽቦው እየተነቃነቀ ድጋሚ አስለካ፣ ያንንም ጻፈው። ኦፕሬተሩን መቼ መቼ እንደሚጠፋ ጠይቀህ የነገረህን በራሱ ቃል ጻፍ። የጠራኸው ባለሙያ ሲመጣ መጀመሪያ ያንን ወረቀት ስጠው።

ከአክብሮት ጋር
የከባድ ማሽነሪ ኤሌክትሪሻን
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ